በፍሬ የሚሸጥ ሲያናይድ

እንደኔ ዓይን ያለው ሰው አሶሳ ዞን ውስጥ አልነበረም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነው። የምትጽፍልኝ እህቴ ናት፤ እኔና ትምህርት አምስተኛ ክፍል ላይ ነው የተፋታነው፣ አሁን ደግሞ ዓይኔ ፊደል አይለቅምም። «ይቺን ጉራ ላውጣት?» ትለኛለች። ተያት፣ እውነት ናት። ወርቅ ስናጥብ አሸዋው በውሃ ተንሸራቶ ይሄድና የእንጨቱ ገበታ ላይ ጥቁሩ ብቻ ይቀራል። ያኔ ሌላው ሰው አፍንጫውን ገበታው ላይ ደፍቶ ይፈልጋል። እኔ ግን ቆሜ፣ እንደ ተኳሽ ግራ ዓይኔን ጨፍኜ «ሦስት ፍሬ አለ፣ አንዷ ቅጫም ታክላለች» እላለሁ። ሲቆጠር ሦስት ነው። አንዷም ቅጫም ታክላለች።

ሥራው ላይ ሦስት ነበርን። ታናሽ ወንድሜ ጉድጓድ ይወርዳል፤ ቀጭን ነው፣ እንደ እባብ የትም ይገባል። አንድ የበርታ ጓደኛችን ደግሞ ገመድ ይይዛል፤ መሬቱ የአያቶቹ ነው፣ ጉልበቱም የሁለታችንን ያህል ነው። እኔ አጥባለሁ። ቦታው ከአሶሳ በአይሱዙ ግማሽ ቀን ወደ ድንበሩ ተሂዶ ነው። ሐሙስ ሐሙስ አሶሳ እንገባለን፣ ከዚያ እናታችን ወዳለችበት የሰፈራ መንደር እንሄዳለን። «ጉልበት ከእናንተ፣ ዓይን ከእኔ» እላቸው ነበር። እነሱም አይከራከሩኝም። ምን ብለው ይከራከራሉ?

እና አንድ ቀን፣ ፀሐዩ ገና ሳይጠነክር፣ አጥቤ አጥቤ ገበታው ላይ ምንም የለም።

«ዛሬ ባዶ ነው» ብዬ ልደፋው ስል የበርታው ጓደኛችን እጄን ያዘ።

«ያ አኺ፣ ወንድሜ! ለምን ይደፋል? ወርቅ አለ እኮ።»

«የታለ?»

«እዚህ ነው! አፍንጫ ስር!»

የሚቀልድብኝ ነው የመሰለኝ፤ እኔ ስቀልድበት ስለምውል ብድሩን ሊመልስ ነው አልኩ። ገበታውን ቀጥ አድርጌ፣ እንደ ልማዴ ግራዬን ጨፍኜ አየሁት። መሃሉ ላይ መስታወት ላይ እንደተተነፈሰ ዓይነት ጭጋግ አለ። ጠረግኩት። እንዴት ይጠረግ፣ ጭጋጉ ያለው ገበታው ላይ አይደለም። ከዚያ ተናድጄ የገበታውን ጠርዝ የያዘውን አውራ ጣቴን ሳይ፣ ወርቋ በጎን ብልጭ አለች። ወደሷ ዞርኩ፤ ጠፋች። ጣቴን አየሁ፤ መጣች። ሌባ ናት። ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም ትሰወራለች፣ ፊቴን ሳዞር ትስቅብኛለች።

ግራ ዓይኔን በእጄ ሸፈንኩት፤ መሃሉ ጨለመ። ቀኙን ሸፈንኩት፤ ዓለም ሁሉ ቦታው ላይ ነው። አመመኝ? አላመመኝም። ቀላ? አልቀላም። ስለዚህ ለማንም አልተናገርኩም። ዓይኑን ሲያወድስ የኖረ ሰው «ዓይኔ ጠፋ» ብሎ እንዴት ይናገራል? «አንዱም ቢሆን ከእናንተ አራቱ ይበልጣል» አልኩ ለራሴ፣ ወርቋን በግራው ብቻ እየለቀምኩ መሥራቴን ቀጠልኩ።

ሲጨንቀኝ የማደርገው አንድ ነገር ነበር፤ ማጨስ። በፊት በቀን አንድ ፓኮ ነበር የምጨርሰው፤ አሁን ሁለት ሆነ። ከሥራ ስንወጣ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ጋ ሄጄ ጋያ እስባለሁ፣ ቅሉ ውስጥ ውሃው ጉልጉል ሲል ጭንቀቴ አብሮ የሚፈላ ይመስለኛል። ጭስ ጭንቅላት ይከፍታል ይሉ የለ? ጭንቅላት ከተከፈተ ዓይንም ይከፈታል አልኩ። ሐሙስ ስንገባ ደግሞ ማንም ሳያየኝ አሶሳ ገበያ ከአንድ አዟሪ የሽማግሌ መነጽር ገዛሁ። አደረግኩት። ጠጠሩ ሁሉ የጎሽ ራስ አከለ፣ ወርቁ ግን ለቀኙ ያው የለም። መነጽሩን ለፍየል ጠባቂ ሽማግሌ ሰጠሁት፤ እስከ ዛሬ ይመርቀኛል።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግራውም ተከተለ።

የታወቀብኝ ሙሉ ገበታ ወርቅ ወንዝ ውስጥ የደፋሁ ቀን ነው። ወንድሜ ከጉድጓድ ወጥቶ ጭቃውን ሲታጠብ ነበር፤ ስደፋው አይቶ እንደ ተኩላ ጮኸ። ደረቴን ያዘኝ።

«አበድክ? ቢጫ ቢጫው ሁሉ ሄደ እኮ!»

«ሞኝ፣ እሱ የሞኝ ወርቅ ነው፣ እኔ አውቃለሁ።»

ለቀቀኝና ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ። «ኮፍያዬ ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

«ቀይ።»

«አረንጓዴ ነው!»

«አረንጓዴ ሲያረጅ ይቀላል።»

አልሳቀም። እጁን አነሳ። «ይሄ ስንት ጣት ነው?»

ከጆሮው ጀርባ ያለውን ዛፍ አየሁና ጣቶቹን በጎን ቆጠርኩ። «ሦስት!»

«ልክ ነህ» አለ፣ ድምፁ ወረደ። «ግን የኔን ጣት ለምንድን ነው ዛፉን እያየህ የምትቆጥረው?»

የበርታው ጓደኛችን ገመዱን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ኸላስ፣ በቃ» አለ። «ዛሬ ሥራ የለም። ይሄ ልጅ ወደ እናት ይሄዳል።»

እናታችን ምንም ሳንነግራት ነው ያወቀችው። ምግብ አቀረበችልኝ። እኔ ደግሞ ወጡን ለማየት አንገቴን አዘንብዬ የመሶቡን ጠርዝ አያለሁ። እጇ መንገድ ላይ ቆመ።

«አንገትህን ለምን ታዘነብላለህ?»

«ትራሱ ነው እማ፣ ጎርብጦኝ አደረ።»

«ትራስ!» አለች። ከዚያ ወደኔ ሳይሆን ወደ ወንድሜ ዞራ «ነገ ሐኪም ቤት እንወስደዋለን። ልብስህን ቀይር» አለችው። ድምፅዋ ውስጥ እንባ አልነበረም። እሷ ቀድማ አልቅሳ የጨረሰችው ነገር ነበር ለካ። እናቴ በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ ስትመጣ ልጅ ነበረች፤ ያሳደጓት ሁለት ታላላቅ ወንድሞቿ ናቸው። ሁለቱም እዚህ በመጡ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ ገና ጎረምሶች ሳሉ፣ ዓይናቸው ጠፋ። ሁለቱም መጀመሪያ እንዲህ አንገታቸውን አዘነበሉ። አንደኛው ሞቷል። ትልቁ አጎቴ ግን እኛው ግቢ ውስጥ አለ፣ ጠዋት ጋያውን ይዞ በር ላይ ይቀመጣል፣ ማታ ጋያውን ይዞ ይገባል።

«ቆላው ነው» አለኝ አጎቴ ያን ማታ፣ ትከሻዬን እየዳበሰ። «የደጋ ዓይን ይዘን መጣን፣ የቆላ ፀሐይ በላው። አንተ ደግሞ እዚሁ ተወልደህ እንዴት በላህ? እኔ ለመድከው ብዬ ነበር።»

«እኔን መልመድ አቅቶት ይሆናል፣ አጎቴ።»

ሳቀ። ቤተሰባችን እንደዚህ ነው፤ ቤት ሲቃጠልብን ቀድመን የምንፈልገው ቀልድ ነው፣ ውሃ ኋላ ይመጣል።

አሶሳ ሐኪም ቤት በየጊዜው ለሥራ የምትመጣ የዓይን ሐኪም ነበረች። መብራት አበራችብኝ፣ ጠብታ አደረገችብኝ፣ ቀለም አሳየችኝ። ከዚያ መሣሪያዋን ትታ ትጠይቅ ጀመር። እናቴ አጠገቤ ናት።

«በእናትህ በኩል ዓይኑ የጠፋ ወንድ አለ?»

«ሁለት ወንድሞቼ» አለች እናቴ።

«ታጨሳለህ?»

«ትንሽ።»

«ሁለት ፓኮ» አለ ወንድሜ ከበሩ።

«አረቄስ?»

«አልፎ አልፎ።»

«አልፎ አልፎ ማለት ምንድን ነው?» አለች እናቴ። ግንባሬ እስኪሞቅ ድረስ አየችኝ፤ ባላይም ሙቀቱ ደረሰኝ።

ሐኪሟ ምግባችንን ሁሉ ጠየቀች። ካሳቫ ስትሰማ ቆም አለች። ካሳቫ በጓሯችን አለ፤ የግብርና ሰዎች ድርቅ አይፈራም ብለው የሰጡን ነው። ክረምት ላይ እህል ሲያልቅ እሱ ነው የሚያሻግረን። «ልጠህ፣ ጥቂት ቀን በውሃ ዘፍዝፈህ፣ አድርቀህ ከሆነ ደግ ነው» አለች። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። ስትቸኩል ሳትዘፈዝፈው እንደምትፈጨው እኔም አውቃለሁ።

ከዚያ ነው የነገረችኝ። ሰውነታችን ውስጥ በየቦታው ጥቃቅን ጀነሬተር አለ አለች፤ ኃይል የሚሰጠን እሱ ነው። ጀነሬተሩ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው። የኛ ቤት ጀነሬተር ሲሠራ ጉድለት አለበት፤ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደው ገመድ ደግሞ ብዙ ኃይል ነው የሚፈልገው። እና ያንን ጀነሬተር የሚመታ መርዝ አለ።

«ሲጋራ ጭስ ውስጥ አለ፤ ያልተዘፈዘፈ ካሳቫ ውስጥም አለ» አለች። «ትንሽ ነው። ጤነኛ ሰው ሰውነት ውስጥ መርዙን የሚያረክስ ነገር አለ፣ ኢንዛይም ይባላል። እንደናንተ ባሉ ሰዎች ላይ ያ ኢንዛይም ያንሳል ብለው የጻፉ ሐኪሞች አሉ። ያልተስማሙም አሉ። እኔ የማልጠራጠረው አንድ ነገር ቢኖር የእናንተ ቤት ሰው ሲያጨስ ለዓይኑ በጣም መጥፎ መሆኑን ነው።»

«የመርዙ ስም ማን ነው?»

«ሲያናይድ።»

ከወንበሩ ተነሳሁ። እኛ ሰፈር ሲያናይድ ማን አያውቅም? ወርቅ ከአፈር የሚያሟሟው ነው እኮ! በበርሜል ያመጡት ሰዎች የሠሩበት ወንዝ ላይ ውሃ የጠጡ ከብቶች እዚያው ወድቀው አይተናል። በርሜሉን ከሩቅ ስናይ እኛ መንገድ እንቀይራለን፤ የበርታው ጓደኛችን እንዲያውም ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ሳያይ አያልፍም። እና እኔ ያን በርሜል ከሩቅ ሸሽቼ፣ ጥላ ስር ተቀምጬ፣ ክብሪት ጭሬ፣ ያንኑ ሲያናይድ በፓኮም በፍሬም እየገዛሁ እምግ ነበር።

«ተመልሶ ያያል?» አለች እናቴ።

ሐኪሟ አልዋሸችም። «አንዳንዱ ትንሽ ይመለስለታል። ብዙው አይመለስለትም። ጠርዙ ግን አይጠፋም፤ በጎን እያየ ይኖራል።» መርፌ አዘዘችልኝ፣ የቫይታሚን ዓይነት ነው፣ መርዙን ይይዛል ይባላል አለች፤ ተስፋ አላበዛችም። ነርሷ ስትወጋኝ «መድኃኒቱ እንዴት ያለ ቀይ ነው» አለች። ለኔ ውሃ ነበር።

ልንወጣ ስንል እናቴ ቆመች። «ስለዚህ የሰጠሁት እኔ ነኛ።»

«እማማ፣ እናት የምትሰጠውን መርጣ አትሰጥም» አለቻት ሐኪሟ። «ይሄን ቁመትና ይሄን ምላስም የሰጡት እርስዎ ነዎት።»

«ምላሱን ከአባቱ ነው» አለች እናቴ ቶሎ ብላ። ቤት ደርሳ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ መቆፈሪያ ይዛ ወደ ጓሮ ገባች፤ ካሳቫውን ከነሥሩ ነቅላ ነቅላ ጨረሰችው። «ተዘፍዝፎም ሳይዘፈዘፍም ከግቢዬ ይውጣ!» ጎረቤት ሁሉ ጆንያ ይዞ መጣ። እንዲህ የተባረከ መርዝ አላየሁም።

እህቴ እዚህ ላይ ጽሑፉን አቁማ «የኔ ልጆችስ?» ብላ ጠየቀችኝ። ገና አላገባችም። ከእናት ነው የሚተላለፈው፣ እሷም ታስተላልፋለች። «ያንቺ ልጆች አጎታቸው ማን እንደሆነ ያውቃሉ» አልኳት። «ሲጋራ ሲያዩ እንደ በርሜሉ ይሸሻሉ። አሳድጋቸዋለሁ።» ጻፊ አልኳት። ይኸው ጽፋዋለች።

የኔ ዓይን ሄዷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕንቅልፍ የነሳኝ የኔ አልነበረም። አንድ እናት ነው የወለደችን፤ ወንድሜ ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፣ አጎቶቼም እኔም በተመታንበት ዕድሜ ላይ ነው፣ በቀን አንድ ፓኮ ተኩል ይጨርሳል። እኔ በዚያው ቀን ሲጋራ ቆረጥኩ። እኔ ቆረጥኩ ካልኩ ቆረጥኩ ነው። (እህቴ ሳቀች። እሺ፣ ሦስት ጊዜ ነው የቆረጥኩት። ሦስተኛው ጸናልኝ።) እና ማልኩ፤ ይሄ ልጅ ዓይኑን አያጣም። እኔ እያለሁ አያጣም።

ወንድሜ ግን ምላሱ ከኔ አያንስም።

«አንተም አጨስክ፣ እኔም አጨስኩ። ያንተ ጠፋ፣ የኔ አለ። የኔ ኢንዛይም ጎበዝ ነው፣ ወንድም ጋሼ፤ የሌሊት ተረኛ ነው፣ አይተኛም።»

«የኔም እንደዛ ይመስለኝ ነበር።»

«ያንተማ ሰነፍ ነው። ባለቤቱን ይመስላል።»

ለመንኩት። ሰደብኩት። ሐኪሟ ያለችውን አሥር ጊዜ ደገምኩለት። «ብተወውም ሊጠፋ ይችላል ብላለች፣ አላለችም?» ይለኛል። ብላለች። እውነት ነው። ምን ብዬ ልመልስለት?

ከዚያ ነው ትልቁን ጥፋት ያጠፋሁት። ማጠብ ስለማልችል ጉድጓዱ ጋ ገመድ ሊያስይዙኝ ተስማሙ፤ ለገመድ ጣት እንጂ ዓይን አያስፈልግም። የበርታው ጓደኛችን ማጠቡን ያዘ። ጉድጓድ የሚወርድ ሰው በኪሱ ያለውን ሁሉ ለገመድ ያዡ ይሰጣል፤ ስልኩን፣ ብሩን፣ ሲጋራውን፤ ታች አየሩ ስለሚያንስ አይጨስም። ይሄ አማና ነው። ገመድ ያዥ የተሰጠውን አይነካም። ሚሊዮን ቢሰጠውም አይነካም። ሰውየው ሲወጣ እንደሰጠው ይቀበላል። በወርቅ ቁፋሮ ያለው ሕግ ይሄ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ሌላው ሁሉ ዱላ ነው።

ወንድሜ በየጠዋቱ ፓኮውን በእጄ እያስቀመጠ ይወርዳል። አስበው። የጠላቴን አንገት በየቀኑ እጄ ላይ ያስቀምጥልኛል፣ እኔም ማታ በክብር እመልስለታለሁ። አራት ቀን ቻልኩ። በአምስተኛው ቀን ፓኮውን ባልዲ ውሃ ውስጥ ከትቼ እስኪሟሟ አሸሁት።

ወንድሜ ወጣ፣ ፊቱን ጠረገ፣ እጁን ዘረጋ። ባልዲውን ሰጠሁት።

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው አልጮኸም፣ ያ ነው የከፋው። «አማና ነበር» አለ ብቻ። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ።

የበርታው ጓደኛችን ገበታውን ትቶ መጣና ገመዱን ከእጄ ወሰደው። ቀስ ብሎ ነው የወሰደው።

«ለዓይኑ ብዬ ነው!» አልኩት። «አንተ ገብቶሃል አይደል?»

«ገባኝ። አንተ ጥሩ ሰው ነው። ግን ዛሬ ሲጋራ ነው፣ ነገ ሰው ነው። አንተ ገመድ አይይዝም።»

«ወንድሜን እጥላለሁ?»

«እኔ አላውቅም። እሱም አሁን አያውቅም። ችግሩ ይሄ ነው፣ ወላሂ።»

ወንድሜ ከዚያ ቀን በኋላ ሳያናግረኝ ሁለት ሳምንት ሆነ። እኔ ሳነጋግረው ደግሞ ፊቴ ላይ ጭሱን ያወጣል። ዓይኑን ላድን ሄጄ ጆሮውን አጣሁት።

ሐሙስ ቤት ስንመጣ ሁሉንም ለአጎቴ ነገርኩት። በር ላይ ተቀምጦ ጋያውን ይስብ ነበር። ወንድሜም ግቢው ውስጥ ነበረ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ጫማ ያጥባል። አጎቴ ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

«ያቺ ሐኪም ጭስ ነው አለች?»

«ጭስም አለበት አለች። ሥሩ የዘር ነው፤ ጭሱ ያባብሰዋል።»

ጋያውን ከአፉ አወጣ። ከዚያ ለኔ ሳይሆን ለወንድሜ ጀርባ ተናገረ።

«የኔ ዓይን ሲጠፋ የታናሼ ገና ነበረ። እንደመጣን እህሉ ያልቅብን ነበር፣ ጭስ ረሃብ ያስረሳል ብለው ሰጡን፣ ለመድኩ። እሱ አያጨስም ነበር። እኔ ስታወር ግን አብሮኝ መዋል ጀመረ። እዚህ፣ እዚህ ቦታ ላይ። እኔ ብቻዬን እንዳልሆን ብሎ። ጋያውን አንድ ጊዜ እስብና አቀብለዋለሁ፣ አንድ ጊዜ ይስብና ይመልስልኛል። ዓመት አልሞላም፣ እሱም አንገቱን አዘነበለ።» ቅሉን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። «ይሄን ሁሉ ዓመት ፀሐይዋን ስረግም ነበር። አቀባዩ እኔ ነበርኩ።»

እናቴ ከጓዳ ወጥታ ቆማለች። ይህንን እሷም አታውቅም ነበር። ወንድሜ ጫማውን ማጠብ አቁሟል፣ ግን አልዞረም።

«አላወቅክም እኮ ጋሼ» አለ በመጨረሻ።

«አዎ፣ አላወቅኩም። አንተስ?»

አጎቴ ቅሉን ከጉልበቱ ላይ አነሳ። «እኔ የማድነው ዓይን የለኝም» አለ። «ሠላሳ ምናምን ዓመት አጭሻለሁ። ግን ዛሬ ልተወው እችላለሁ። አንተ አትችልም።»

ወንድሜ ዞረ። «ማን? እኔ?»

«አንተ። ሕፃን ነህ፣ አትችልም።»

«እኔማ ከፈለግኩ ነገ...»

«ነገ አላልኩም።»

የኛን ዘር የማታውቁ ከሆነ እነግራችኋለሁ፤ ለእኛ ቤት ሰው «ትሞታለህ» ብትለው ትከሻውን ይነቀንቃል፣ «አትችልም» ብትለው ግን ተራራ ይሸከማል። ውሉን እናቴ አወጣችው። መጀመሪያ ያጨሰ ሰው ሳምንት ሙሉ ከቦኖ ውሃ ይቀዳል፤ በጋሪ አይደለም፣ ጀሪካኑን እንደ ሴቶቹ በጀርባው አዝሎ፣ በገበያው መሃል። እኔም ገባሁ። አጎቴ ጋያውን ለእናቴ ሰጣት፤ ቅሉን ለሁለት ሰንጥቃ የዶሮ ውሃ ማጠጫ አደረገችው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀሃነም ነበሩ። አጎቴ ቅርንፉድ ሲያኝክ ይውላል፣ እየተነጫነጨ ዶሮውን ሁሉ ይሰድባል። ወንድሜ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ሲሳደብ እላይ ድረስ ይሰማል። እኔ ገመዱ አልተመለሰልኝም፤ የውሃ መሳቢያውን ሞተር ነው የማስነሳው፣ ድምፁን ሰምቼ ሕመሙን አውቃለሁ። በዚህም ከአሶሳ እስከ ድንበር የሚያክለኝ የለም። (ተያት፣ አታውጪያት።)

ከዚያ አንድ ሐሙስ፣ ወንድሜ ቤት እንደደረስን ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ባዶ ጀሪካን አነሳ።

«ወዴት ነው?» አለች እናቴ።

«ቦኖ።»

«ለምን?»

«ማክሰኞ አንድ ሳብኩ።»

ማንም አላየውም ነበር። እኔ ሞተሩ ጋ ነበርኩ፣ ጓደኛችን ወንዙ ጋ። ቢደብቀው ኖሮ አሸናፊ ይሆን ነበር። ሳምንት ሙሉ ሥራ ትቶ ያንን ሃያ ሊትር አዝሎ በገበያው መሃል አለፈ። ልጃገረዶቹ ቦኖው ላይ «ሙሽሪት መጣች!» እያሉ እልል ይሉለታል። አንዷማ ነጠላ ሰጠችው። ለብሶ ገባ። እናቴ ስትስቅ ያን ጊዜ ነው የሰማኋት፣ ከሐኪም ቤቱ ቀን በኋላ። ከዚያ ወዲህ አልሳበም። እኔ አምነዋለሁ፤ ሳይጠየቅ የተናገረ ሰው ይታመናል። አጎቴም አሸነፍኩ ብሎ እስከ ዛሬ ጎረቤት አላስቀምጥ ብሏል።

ሐኪሟ ተመልሳ ስትመጣ ወንድሜን ወሰድኩት። ልክ ነው፣ እኔ ነኝ የወሰድኩት፤ ጠርዝ ጠርዙን እያየሁ የአሶሳን መንገድ ከባጃጅ ሹፌር በላይ አውቀዋለሁ። ውስጥ ገባ። እኔ አግዳሚው ላይ ቀረሁ። ቆየ። እኔን እንደዛ አላቆየችኝም ነበር። የወለሉን ሸክላ በእግሬ ቆጠርኩ፤ ልቤ የውሃ መሳቢያው ሞተር አፈር ሲስብ እንደሚጮኸው ይጮኻል። ዓይኔ የጠፋ ጊዜ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም።

በሩ ተከፈተ። ወጥቶ አጠገቤ ቆመ። ፊቱን አላይም፤ ጆሮውን ነው የማየው፤ ጆሮ ደግሞ ምንም አይናገርም።

«ምን አለችህ?»

ዝም።

«አንተ! ምን አለችህ?»

«ዓይንህ የወንድምህን ይመስላል አለችኝ።»

እጄ አግዳሚውን ያዘ።

«ድሮ የነበረውን» አለ።

በቡጢ ትከሻው መሰለኝ የመታሁት፤ አፍንጫው ነበር፣ በጎን ሲታይ ርቀት ያስቸግራል። ነርሷ ወጥታ ተቆጣችን። እሱ አፍንጫውን ይዞ እየሳቀ፣ ሳቁ መሃል ላይ ድምፁ ተቆረጠ፣ እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ፤ ለዚህስ ዓይኔ ይመቻል። ሐኪሟ ያለችው ገመዱ ደህና ነው፣ ቀለሙንም ሁሉ አይቷል፣ ግን ዋስትና የለም፣ በየሦስት ወሩ ይምጣ ነው።

«እስከ መቼ?» አልኩት።

«ሠላሳን እስካልፍ፣ ከዚያም በኋላ።»

«ዘጠኝ ዓመት ነው። እኔው አመጣሃለሁ።»

«አትችልም» አለኝ።

«ማን? እኔ?»

አይሱዙው ጡሩንባውን ነፋ፣ ሁለታችንም ሮጥን።